የጅብ ሥራ ሲመዘን

በሐረር ጀጎል ጠባብ መንገዶች በሌሊት የሚያልፍ ሰው ከጅብ ጋር ፊት ለፊት ቢገናኝ ብዙም አይደነግጥም። ጅቡም እንደዚያው። በግንቡ ግርጌ ጅቦች የሚገቡባቸው ዝቅተኛ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሐረሪዎች "ዋራባ ኑዱል" ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። በዓሹራ ሰሞን ለጅቦች ቅቤ ያለው ገንፎ ማቅረብም የከተማዋ የቆየ ልማድ ነው። ጅብ ጅንን ይበላል የሚል ወግም አለ። እኛ ግን ይህን እንደ አገር ወግ እንጂ እንደ ዲን ማስረጃ አናነሳውም።

በዚህ ጽሑፍ የምናየው ሌላ ነገር ነው። "ጅብ ከተማ ያጸዳል" ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ለመሆኑ ምን ያህል? ይህንን የለኩት በመቀሌ የሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው።

የሞተ ከብት በእኛም በክርስቲያን ወገኖቻችንም ዘንድ በክት ነው፤ አይበላም። ስለዚህ ከመንደር ወጣ ብሎ ይጣላል። ግደይ ይርጋ እና የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው በመቀሌ ዙሪያ ያሉትን ጅቦች ቆጠሩ፣ አመጋገባቸውን ታዘቡ፣ በዚያ ላይ የበሽታ ስርጭት ስሌት ጨመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። ወደ 210 የሚጠጉ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ጥንብ ያነሳሉ፤ ለእያንዳንዱ ጅብ አንድ ቶን ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በስሌቱ መሠረት ይህ ሥራ በዓመት 5 ሰዎችን እና 140 ከብቶችን፣ በጎችንና ፍየሎችን ከአባሰንጋ ወይም ከከብት ሳንባ ነቀርሳ ያድናል። በገንዘብ ሲተመን ከ52 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ነው።

ማጋነን ግን አያስፈልግም። 207 ቶኑ በከተማው ከሚጣለው ጥንብ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጅብ ቄራንም ማዘጋጃ ቤትንም አይተካም። ጥቅሙ ያለው በፍጥነቱ ነው። የአባሰንጋ ተዋስያን አፈር ውስጥ ገብተው ለብዙ ዓመታት ሳይሞቱ መቆየት ይችላሉ፤ በድኑ በሜዳ በቆየ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። ጅብ ሥጋውን ብቻ ሳይሆን አጥንቱንም ቆርጥሞ ይፈጫል። ኩሱ ሲደርቅ ነጭ የሚሆነው በዚሁ የአጥንት ካልሲየም ምክንያት ነው። በታንዛኒያ ሰረንጌቲ በተደረገ የደም ምርመራም ብዙ ጅቦች ለአባሰንጋ ተጋልጠው መትረፋቸው ታይቷል። መልኩ ውሻ ቢመስልም በዘር የሚቀርበው ለፋሮ፣ ለጥርኝና ለድመት ነው።

ታዲያ ጥንብ ሲጠፋስ? እነ ግደይ ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወቅትና ከጾሙ በኋላ የጅብ ኩስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን ፀጉር መርምረው ነበር። በጾሙ ወራት እርድ ስለሚቀንስ የሚጣል ተረፈ ሥጋ የለም። የአህያ ፀጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት 15 በመቶ ገደማ የነበረው በጾሙ ጊዜ ወደ 33 በመቶ ወጣ። ለጅቡ ብልሃት ነው። ውሃና እህል በአህያ ለምታመላልስ እናት ግን የዕለት እንጀራ ማጣት ነው፤ "ጅብ ጠቃሚ ነው" የሚል ሰው ይህችን እናት ሊረሳት አይገባም። ሕፃናትን ያጠቃበት ጊዜም አለ።

በዚህ ምሬት በድን ላይ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው ይኖራል። መርዙ ደግሞ ጅብና አሞራን አይለይም። አሞራ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ህንድ አይታዋለች። ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ለከብት ይሰጥ ነበር፤ ታክሞ የሞተውን ከብት የበሉ አሞራዎች ኩላሊታቸው እየከሸፈ ረገፉ። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 በፓኪስታን በተደረገ ጥናት ሲሆን፣ ህንድ በ2006 መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። እስከዚያ ድረስ ግን በድኑ ለውሾች ቀርቶ ነበር፤ ውሾቹ በዙ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ከፋ፣ ውሃም ተበከለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የምጣኔ ሀብት ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ በዚህ ሳቢያ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ተጨማሪ ሰዎች መሞታቸውን ገምቷል።