የጨረቃ ትምህርት ቤት

በዚህ ሳምንት ስለ አንዲት ትንሽ ቤት እንነግራችኋለን። ቤቲቱ የእንጨት ናት። ያላት ክፍል አንድ ብቻ ነው። የምትገኘው በሩቅ አገር፣ በአሜሪካ፣ ኬንታኪ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሞርሄድ በምትባል ከተማ ነው። ድሮ ትምህርት ቤት ነበረች። ዛሬ ቤተ መዘክር ናት። ቤተ መዘክር ማለት የድሮ ነገር ሳይጠፋ ተጠብቆ፣ ሰው እየመጣ የሚያየው ቤት ነው።

«ታዲያ አንድ ክፍል ውስጥ ምን ይታያል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የሚታየው ጥቂት ነው። የሚነገረው ግን ብዙ ነው። ደግሞም ታሪኩ የእኛን ይመስላል። በእንዲህ ዓይነት ቤት ማታ ማታ ፊደል የቆጠሩት ገበሬዎች፣ እናቶችና ሽማግሌዎች ነበሩና።

ሦስቱ ሰዎች

ነገሩ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ወይዘሮ ኮራ ዊልሰን ስቱዋርት የሮዋን አውራጃ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ነበሩ። አገሩ ተራራማ ነው። መንገዱ ክፉ ነበር። ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሰው ብዙ ነበር።

አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ቺካጎ ወደምትባል ሩቅ ከተማ ሄዳለች። ደብዳቤዋ ሲመጣ የሚያነቡላቸው፣ መልሱንም የሚጽፉላቸው ወይዘሮ ኮራ ናቸው። አንድ ጊዜ እናትዮዋ ለብዙ ሳምንት ጠፉ። በኋላ ደብዳቤ ይዘው ብቅ አሉ። ወይዘሮ ኮራ ሊያነቡላቸው ቢሉ እምቢ አሉ። ማንበብም መመለስም ራሳቸው ችለዋል! ለካስ ወንዝ እየሞላ መንገድ ሲዘጋባቸው፣ ደብዳቤ ታቅፎ መቀመጥ አንገብግቧቸው፣ የፊደል መጽሐፍ ገዝተው ሌሊት ሌሊት ሲያጠኑ ከርመዋል።

ሁለተኛው ጎልማሳ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ኮራ ሁለት መጻሕፍት ቢሰጧቸው፣ ገለጥ ገለጥ አድርገው በሐዘን መልሰው አስቀመጡ። ማንበብና መጻፍ ብችል ከዕድሜዬ ላይ ሃያ ዓመት በሰጠሁ ነበር አሉ።

ሦስተኛው ወጣት ነው። ዘፈን ይገጥማል። መጻፍ ግን አይችልም። የሚጽፍለት ሰው እስኪያገኝ ድረስ ግጥሙ ከልቡ ይጠፋበታል።

ወይዘሮ ኮራ ይህን አይተው አሰቡ። ቀን እንዳይማሩ፣ ሰዎቹ ሥራ አለባቸው። ማታ እንዳይመጡ፣ ገደሉና ጨለማው ያስፈራል። ታዲያ ምን ይሻላል? ጨረቃ በምትደምቅበት ሰሞን ይማሩ! ስሙም «የጨረቃ ትምህርት ቤት» ተባለ።

150 ሲጠበቅ 1,200

የቀን መምህራኑ ማታም ያለ ክፍያ ለማስተማር ተስማሙ። ከመክፈቻው በፊት በየቤቱ እየዞሩ ሰውን ጠሩ። ትምህርቱ በነሐሴ 30 ቀን 1903 ዓ.ም. ተከፈተ። ይህም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መስከረም 5 ቀን 1911 መሆኑ ነው። የተጠበቀው ሰው 150 ያህል ነበር። የመጣው ግን 1,200 ሆነ! በየኮረብታው፣ በየሸለቆው በጨረቃ ብርሃን መጡ። ከመካከላቸው የ18 ዓመት ወጣት ነበር፤ የ86 ዓመት ሽማግሌም ነበር። ሕፃን ያቀፉ እናቶችም ነበሩ።

መጀመሪያ የተማሩት ስማቸውን መጻፍ ነው። ፊደሉ ጎድጎድ ብሎ በተቀረጸበት ለስላሳ ወረቀት ላይ እርሳሳቸውን እያስኬዱ እጃቸውን አለማመዱ።

የልጆች መጽሐፍም አልተሰጣቸውም። አዋቂ ሰው በሕፃን መጽሐፍ ሲማር ያፍራል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ጋዜጣ ታተመችላቸው። በቀላል ቃል የአውራጃቸውን ወሬ ትነግራቸዋለች። ልክ አሁን በእጃችሁ እንደያዛችኋት ወረቀት ማለት ነው።

ሁለት ዓመት አለፈ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1913 ሲያበቃ፣ በአውራጃው ተቆጥረው ከተመዘገቡት 1,152 መሃይማን ያልተማሩት 23 ብቻ ሆኑ። ከእነሱም አብዛኞቹን ያገዳቸው የዓይን ችግር ወይም ሕመም ነበር።

ጎብኚዎች ምን ያደርጋሉ?

የሞርሄዷ ቤት የድሮ ስሟ ሊትል ብራሺ ነው። ከገጠር ቦታዋ ተነሥታ ወደ ከተማው ተወሰደች። አሁን የምትጠራው በወይዘሮ ኮራ ስም ነው።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ገጠር አንድ ክፍል ብቻ ያላቸው ትምህርት ቤቶች እጅግ ብዙ ነበሩ። በኋላ አውቶቡስ መጣ፤ ትልልቅ ትምህርት ቤቶችም ተሠሩ። ትንንሾቹ ተዘጉ። አንዳንዶቹ የድርቆሽ ማስቀመጫ ሆኑ። አንዳንዶቹም ፈረሱ። ከተረፉት ውስጥ በየቦታው ቤተ መዘክር የሆኑ አሉ።

በእነዚህ ቤቶች ልጆች መጥተው እንደ ድሮው ተማሪ ይውላሉ። የድሮ ልብስ የለበሰች አስተማሪ ደወል ትደውላለች። ልጆቹ ተሰልፈው ይገባሉ። በትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ያጠፋሉ።

ሽማግሌዎችም ይመጣሉ። ልጅ ሆነው የተማሩበት አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ወንበሩ አንሷቸው ይሥቃሉ። ከዚያ ወሬው ይመጣል። ለምድጃው እንጨት ተሸክመው መምጣታቸውን ያወራሉ። ሁሉም ከአንድ ባልዲ ውኃ መጠጣታቸውን፣ ትልቁ ልጅ ትንሹን ማስተማሩን ያስታውሳሉ። ይህ ትዝታ ካልተጻፈ አብሯቸው ይሄዳል።

እነዚያ 1,200 ሰዎች እኮ ዛሬ አንዳቸውም በሕይወት የሉም። የእናትዮዋን ታሪክ ያወቅነው ወይዘሮ ኮራ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1922 በመጽሐፍ ስለጻፉት ነው። ያልተጻፈላቸው የብዙዎቹ ታሪክ ግን ጠፍቷል።

የእኛስ?

በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው በዳስና በዛፍ ጥላ ሥር ተምሯል። ያኔ ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ አርጅተዋል። ያለፉም አሉ። ዳሱም ፈርሷል።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። የመጀመሪያ ደብተራችሁን እሳት አታቀጣጥሉበት። ከአይጥና ከዝናብ ጠብቁት። በአካባቢያችሁ በዘመቻው የተማሩ አባትና እናት ካሉ ጠይቋቸው። የት ተማሩ? ማን አስተማራቸው? መጀመሪያ የጻፉት ቃል ምንድን ነው? የሚሏችሁን ጻፉት። ስማቸውንና ቀኑን አትርሱ። ትልቅ ቤት አያስፈልግም። በትምህርት ቤታችሁ አንዲት ሣጥን ብትገኝ ለጊዜው ትበቃለች።

ለመወያያ፦

1. ወይዘሮ ኮራ ትምህርቱን በጨረቃ ሰሞን ያደረጉት ለምንድን ነው?
2. አዋቂ ሰው ለመማር የሚያፍረው ለምንድን ነው? እናንተስ አፍራችሁ ታውቃላችሁ?
3. በመንደራችሁ መጀመሪያ ፊደል የተቆጠረበትን ቦታ የሚያውቅ ማን ነው?