የቆላው የጉበት ትል

የጉበት ትል የደጋ በሽታ ነው፣ ደረቁን የቦረናና የጉጂ ቆላ አይነካም ይባላል። ግማሹ እውነት ነው፤ ትሉ ያለ ውሃ ቀንድ አውጣ አይራባም። ግን ሁለት ዓይነት ነው፦ ፋሲዮላ ሄፓቲካ ደጋውን፣ ተለቅ የሚለው ፋሲዮላ ጃይጋንቲካ ቆላውን ይዟል። በጋው ሲጠና የነገሌና የወደራ ከብት እንደ ገናሌና ዳዋ ወዳሉ ወንዞች ዳርቻ፣ ወደ ቀረችው እርጥብ ሣር ይወርዳል፤ ከብቱን ከቀንድ አውጣው ጋር የሚያገናኘው ድርቁ ራሱ ነው። ከሣሩ ጋር የተዋጠው ጩጬ ትል ለሳምንታት ጉበቱን እየቦረቦረ ይጓዝና ሐሞት ቱቦ ውስጥ ይሰፍራል፤ ቱቦውም ይወፍራል፣ ይደድራል። ላሟ ትከሳለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፤ ባለቤቷ ግን የሚያማርረው ድርቁን ነው።

መድኃኒት አለ የሚለው መልስም አይበቃም። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው፤ ጉበት የሚቦረቡረውን ጩጬ የሚደርስበት ትሪክላቤንዳዞል ነው። ደግሞም የዳነችው ላም እዚያው ረግረግ ተመልሳ ትግጣለች። ቱላ ከሚባለው ጉድጓድ ቀድቶ በገንዳ የማጠጣቱ የቦረና ልማድ በዚህ ዓይን ሲታይ ከብቱን ከረግረጉ ያርቃል።