የካርቱም ዱቄትና የወራሹ ሀብት

በሱዳን የዱቄት፣ የወተትና የለስላሳ መጠጥ ገበያ ለረጅም ዓመታት ጎልቶ የቆየው ዳል ግሩፕ፣ ስሙን ከዳውድ አብደልለጢፍ ስም የመጀመሪያ ፊደላት የወሰደ የቤተሰብ ኩባንያ ሲሆን፣ በልጃቸው በኦሳማ ዳውድ ሊቀመንበርነት ከአገሪቱ ታላላቅ የግል ድርጅቶች ግንባር ቀደም ለመሆን በቅቷል። አባትየው ከመንግሥት አገልግሎት ወደ ንግድ የገቡ ሰው ነበሩ፤ የቤተሰቡም ንግድ ቀድሞ የሚታወቀው በካተርፒላር ማሽኖች ወኪልነት ነበር። ወራሹ ይህን የብረት ንግድ ሳይተዉ ገበታ ወደሚሞላው ሥራ ማስፋታቸው፣ በተለይም ሳይጋ የተባለውን የዱቄት ፋብሪካ ማቋቋማቸው፣ ለሀብታቸው ወሳኙ እርምጃ ነበር።

የዚህን እርምጃ ክብደት ለመረዳት የካርቱምን ገበታ ማየት ያስፈልጋል። ኪስራ የሚባለው፣ ከማሽላ ሊጥ በስሱ የሚጋገረው እንጀራ መሰል ምግብ ለስንዴ ዳቦ ቦታ እየለቀቀ ሲሄድ፣ ከዳቦው እስከ ዒድ በዓል ብስኩት ያለው ሁሉ በአብዛኛው ከውጭ በሚገባ ስንዴ ላይ ተመሠረተ፤ ስለዚህም ማንኛውም የዱቄት ባለፋብሪካ ትርፉም ኪሳራውም መንግሥት ለስንዴ መግዣ ዶላር በሚሰጥበት ዋጋና በድጎማው፣ ማለትም የዳቦን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ለማቆየት ከመንግሥት ካዝና በሚወጣው ወጪ፣ ይወሰን ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በአትባራ ከተማ የአንድ ዳቦ ዋጋ ከ1 ወደ 3 ፓውንድ ሲያሻቅብ የተቀሰቀሰው አመፅ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2019 ለፕሬዚዳንት ዑመር አል በሽር መውደቅ ምክንያት ሆኗል። የኦሳማን ሀብት በነጋዴው ብልሃት ብቻ መተንተን፣ ወይም በመንግሥት ቸርነት ብቻ ማሳበብ፣ ሁለቱም ጎደሎ ነው።

ሌላም የሚያስቆጭ ነገር አለ። ስኳር ክሪስታል እንዳይሠራ የሚያደርገውንና የዓለም ከረሜላ አምራቾች የሚፈልጉትን የግራር ሙጫ በብዛት የምታቀርበው ሱዳን ናት፤ አሜሪካ በ1997 በጣለችው ማዕቀብም ሙጫው በልዩ ሁኔታ እንዲገባ ተፈቅዶለት ነበር። ሆኖም ጥሬው በጆንያ ይወጣል፤ የጣፋጩ ትርፍ የሚገኘው በሌላ አገር ነው። እንደ ዳል ያለ አገር ውስጥ የሚያመርት ኩባንያ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በ2022 መጨረሻ፣ ኦሳማ ዳውድ የሚመሩት አቡ ዳቢ ውስጥ የተቋቋመው ኢንቪክተስ የተባለው ኩባንያ ከአቡ ዳቢ ወደቦች ኩባንያ ጋር በመሆን፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን በአቡ ዐማማ በ6 ቢሊዮን ዶላር ወደብ ለመገንባት ከሱዳን መንግሥት ጋር ተፈራረመ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በአገሪቱ ሠራዊትና በተቀናቃኙ ታጣቂ ኃይል መካከል ጦርነት ፈነዳ። የካርቱም የኢንዱስትሪ ሠፈሮች ተዘረፉ፤ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠውን የለውዝ ቅባት የሚያመርተው ሳሚል የተባለው ፋብሪካም በቀጣዩ ወር ተቃጠለ፤ የአገሪቱን ፍላጎት 60 በመቶ ገደማ የሚሸፍን ፋብሪካ ነበር። መንግሥት የወደቡን ውል በኅዳር 2024 መሰረዙን አስታወቀ። ሠራዊቱ ካርቱምን በመጋቢት 2025 ቢያስመልስም፣ ዳቦ የሚጠብቀው ሕዝብ ወደ ፈረሰች ከተማ ተመልሷል፤ ከአቡ ዳቢ የሚመራ ካፒታል ድንበር ተሻግሮ መሥራት ሲችል፣ የፈረሰ ወፍጮን የሚተካ ግን በዚያው ከተማ የሚተከል ሌላ ወፍጮ ብቻ ነው።