መኪናችሁ የት ያድራል?

አዲስ አበባ ውስጥ ለቤተሰቡ መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሲሲ ነው?» ብሎ ነው፤ ቀጥሎ «ማኑዋል ነው አውቶማቲክ?» ይላል። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ በዚህ ምዕራፍም እንመልሳቸዋለን። እኔ ግን ከሁለቱም የማስቀድመው አንድ ጥያቄ አለ፤ መኪናው ማታ የት ነው የሚያድረው? ጎፋ ግቢ ውስጥ፣ ከቤታችሁ ግድግዳ ሥር? ወይስ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት በጋራ ማቆሚያ ላይ? ዛሬ የሞተር ምርጫ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱም በጥር 2016 መንግሥት የኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ስለዚህ አዲስ የቤት መኪና ስንል በአብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና ማለታችን ነው፤ ቤንዚን ስንል ደግሞ ቀድሞ የገባውን። ሁለቱን የሚያወዳድር ቤተሰብ በመጀመሪያ ከተማዋን ራሷን ማወቅ አለበት።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ትገኛለች። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ዝቅ ባለው ደቡባዊ ጫፏ ላይ ነው፤ እንጦጦ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከለቡ ወይም ከሐና ማርያም ተነሥቶ ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ሲሄድ ዳገት፣ ሲመለስ ቁልቁለት ነው። ቤንዚን ሲነድ አየር ይፈልጋል፤ በዚህ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። በፋብሪካው ወረቀት 100 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ተራ ሞተር እዚህ የሚሰጠው ከ75 እስከ 80 ያህሉን ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከጠፋው አብዛኛውን ያስመልሳል።

በከተማችን ትንንሽ ሞተር የበዛው በአጋጣሚ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከ1,300 ሲሲ ያልበለጠ አዲስ አውቶሞቢል ላይ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ 100 በመቶ ጣለ። ባለ 1.2 ሊትሯ ሱዙኪ ዲዛየር መንገዱን የሞላችው አንድም በዚህ ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው የከተማ ጉዞ ትንሹ ሞተር ይበቃል። ግን ለመስቀል አምስት ሰው ጭኖ፣ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ሞልቶ በሰበታ በኩል ወደ ወልቂጤ የሚወርድ ቤተሰብ ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ ባይገዛ እመክራለሁ። ባለ 1.3 ሊትሩ ቪትዝ በነዳጅ የሚያስወጣው ተጨማሪ ብር ትንሽ ነው፤ በመልስ ጉዞው ዳገት ላይ አይሱዙ ለመቅደም ስትሞክሩ ልዩነቱን ትረዱታላችሁ።

አሁን ወደ ማርሹ። የቤንዚን ሞተር በዝግታ ሲዞር አቅም የለውም፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ዙሩ ሲጨምር ነው። ማርሽ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ጎማው በዝግታ እየዞረ ሞተሩ በፍጥነት እንዲዞር ያደርጋል። ማኑዋል ካምቢዮ ርካሽ ነው፣ የትኛውም ጋራዥ ይጠግነዋል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይም መኪናውን በከባድ ማርሽ መያዝ ያስችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ያን ሁሉ መንገድ በፍሬን ብቻ መውረድ ሸራውን አግሎ ፍሬኑን ያሳጣል። የማኑዋል ጠላቱ የከተማው መጨናነቅ ነው። ጠዋት ከጀርመን አደባባይ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው ሰልፍ ውስጥ መኪናውን በፍሬን ሳይሆን በግማሽ ፍሪሲዮን አቁሞ የሚጠብቅ ሾፌር በየደቂቃው የፍሪሲዮኑን ዕድሜ እየበላ ነው።

አውቶማቲክ ሲባልም ዓይነቱ አንድ አይደለም። የቆየውና በዘይት ግፊት የሚሠራው ጠንካራ ነው፤ ለዚህች ከተማ እሱን አስቀድማለሁ። ሲቪቲ የሚባለው ጥርስ ባለው ማርሽ ፋንታ በሁለት መዘውሮች መካከል የሚሮጥ የብረት ቀበቶ አለው። ለስላሳና ነዳጅ ቆጣቢ ነው፤ ነገር ግን ሙቀት ይጎዳዋል፣ ለእሱ የተሠራውን ዘይት ብቻ ነው የሚቀበለው። ያገለገለ የሲቪቲ መኪና ስትገዙ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረና ምን ዓይነት እንደተጨመረ ሳትሰሙ አትስማሙ። ሁለት ፍሪሲዮን ያለው አውቶማቲክ ለረጅም መንገድ ደስ ይላል፤ እየቆመ በሚሄድ ትራፊክ ውስጥ ግን እንደ ማኑዋሉ ፍሪሲዮኑን ይበላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ሁሉ ጭንቀት ያስቀራል። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ የመጎተት ኃይሉን ከመጀመሪያዋ ዙር ጀምሮ ስለሚሰጥ ማርሽ መለወጥ አያሻውም፤ ያለው ዙሩን የሚቀንስ አንድ ቋሚ ማርሽ ብቻ ነው። አየር ስለማይተነፍስም የእንጦጦ ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ዲናሞ ሆኖ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚመጣውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ይህ አያያዝ ይደክማል። ወደ ረጅም ቁልቁለት የምትወርዱ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሞልታችሁ አትጀምሩ።

እንግዲህ ወደ ማደሪያው እንመለስ። ከጀሞ መሀል ከተማ ደርሶ የሚመለስ፣ ልጆችም የሚያደርስ ቤተሰብ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ይነዳል እንበል። አንድ መጠነኛ የኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የቀኑ ፍጆታ እንግዲህ 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከተራ የግድግዳ ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይገኛል፤ ሦስት ሰዓት ይበቃል ማለት ነው። ሌሊቱን መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ እንኳ አያሳስብም። ከእንጀራ ምጣድ ጋር ብናወዳድረው፣ ምጣዱ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚወስድ መኪናው ከምጣዱ ያነሰ ይስባል። ፈጣኑ የቤት ቻርጀር ግን 7 ኪሎዋት ነው፤ ሁለት ምጣድ ባንድ ጊዜ እንደ መጣድ ስለሆነ ያለ ራሱ መስመርና ያለ ባለሙያ አይገጠምም።

ግቢ ላለው ሰው ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ። ከአራተኛ ፎቅ ለሚኖረው ግን ቆጣሪው ሌላ፣ ማቆሚያው ሌላ ነው። ከመስኮት የሚወርድ ማራዘሚያ ገመድ መፍትሔ አይደለም፤ ለሰዓታት ሲሠራ ይግላል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ያገኘዋል፣ የጎረቤት ልጅም ይነካዋል። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ቋሚ የቻርጅ ቦታ ሳያገኝ የኤሌክትሪክ መኪና ቢገዛ ጊዜውን በሙሉ ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋ ይፈጃል። ለእሱ ደህና የተያዘ፣ ባለ 1.3 ሊትር የቤንዚን መኪና የተሻለ ምርጫ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ይህን ስል የማደያውን ወረፋ ረስቼ አይደለም።

ቻርጁ ከተፈታ የቀሩት ጥያቄዎች አጭር ናቸው። በቻይና የተለካው የኪሎ ሜትር ቁጥር የተጋነነ ነው፤ የቢዋይዲ ሲጋል ባለ 38.9 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 405 ኪሎ ሜትር ተብሎ ቢጻፍም በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ሒሳብ የሚያስኬደው 260 ያህል ነው። አዳማ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል፤ 300 ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ደብረ ማርቆስ ግን መንገድ ላይ ሳይሞላ አይደርስም። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ሶኬቱ ጂቢ/ቲ የሚባለው ነው፣ የአውሮፓው ደግሞ ሲሲኤስ2፤ በምትጠቀሙበት ጣቢያ ያለው የትኛው እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሆነ የሰፈራችሁን ኮብልስቶንና የፍጥነት መግቻ ይነካ እንደሆነ ለማወቅ መኪናውን ሙሉ ቤተሰብ ጭናችሁ ፈትኑት።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ምሽት ወደ ማቆሚያችሁ ውረዱ። ከቆጣሪያችሁ እስከዚያ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳዩ፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነም መስመር ለመዘርጋት ለጋራ ሕንፃ ማኅበራችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። መልሱን በእጃችሁ ስትይዙ ወደ ሻጩ ሂዱ።