ዋሾው ተራኪ

ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ተራኪውን ቢጠረጥር አይከብደውም፤ ሲኒማ ቤት የገባ ተመልካች ግን በዐይኑ ያየውን ነገር በቀላሉ አይጠራጠርም። «የማይታመን ተራኪ» የሚባለውን ስልት ወደ ፊልም የሚያመጣ ደራሲ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1950 «ስቴጅ ፍራይት» ላይ ሞክሮት ተወቅሶበታል። ፊልሙ ሲጀምር አንድ ወጣት፣ ቀሚሷ በደም የተበከለ ዝነኛ ዘፋኝን ለማዳን ሲል እንዴት በነፍስ ግድያ በፖሊስ ተፈላጊ እንደሆነ ይተርካል፤ ካሜራውም የሚለውን ሁሉ በምልሰት ያሳያል። መጨረሻ ላይ ገዳዩ ራሱ ወጣቱ ሆኖ ይገኛል። ሂችኮክ ኋላ ላይ ያንን ምልሰት ማስገባት እንዳልነበረበት ለፊልም ሠሪው ትሩፎ ተናግሯል። በእኔ እምነት ጥፋቱ መዋሸቱ ላይ አልነበረም። ተመልካቹ ሰውየውን የሚጠረጥርበት ቀዳዳ አልተተወለትም።

በዚያው ዓመት አኪራ ኩሮሳዋ ጃፓን ውስጥ ያወጣው «ራሾሞን» ግን ከመነሻው ጠርጥሩ ይለናል። ጫካ ውስጥ አንድ ሳሙራይ ሞቷል። ሽፍታው፣ የሟች ሚስትና በሙታን ሳቢ አፍ የሚናገረው ሟች ለየቅል ቃል ይሰጣሉ፤ ካሜራው ሁሉንም እኩል ያምናቸዋል። ችሎቱ ላይ ዳኛው አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም። መስካሪዎቹ ፊት ለፊት የሚያዩት እኛን ነው። ደግሞ የሚገርመው፣ ሰው የሚዋሸው ከወንጀል ለማምለጥ ነው ስንል፣ እነዚህ ሰዎች ሞቱን ወደየራሳቸው ይስባሉ፤ ሟቹ እንኳ ራሴን ገደልኩ ባይ ነው። የሚሸሹት ውርደትን ነው። ሽፍታው ከሳሙራዩ ጋር ሃያ ሦስት ጊዜ ሰይፍ ለሰይፍ እንደተፋለሙ ይፎክራል። ነገሩን አይቻለሁ የሚል አንድ እንጨት ቆራጭ በሚያወራው ውስጥ ግን ሁለቱም እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እየወደቁ እየተነሡ፣ አንዱ ከአንዱ ይሸሻል። ይሄኛውን ልናምን ስንል እሱም የሰረቀውን ጩቤ ደብቆ ኖሯል።

መድረክ ላይ ነገሩ ይቀላል፤ ተራኪው በአካል ፊታችን ቆሞ ያወራልና። እ.ኤ.አ. በ1979 ለንደን ላይ በታየው የፒተር ሻፈር ተውኔት «አማዴየስ» ውስጥ ሽማግሌው የሙዚቃ ደራሲ ሳሊዬሪ ሞዛርትን ገደልኩት እያለ ይተርካል። እዚያው ዐይናችን እያየ የእርጅና ልብሱን ጥሎ ወጣት ይሆናል። የምናየው ባለጌና አስካኪ ሞዛርት የቀናተኛ ሰው ሞዛርት ነው።

ከሁሉ የረቀቀው ግን፣ ለእኔ፣ ተራኪው ጨርሶ የማይዋሽበት ነው። የፍሎሪያን ዜለር ተውኔት «አባት» (እ.ኤ.አ. 2012) አእምሮው እየከዳው ያለ አዛውንት ነገሩን እንደሚያየው ያሳየናል። ልጁን ሆና የተጫወተችው ተዋናይት በሌላ ትዕይንት በሌላ ሴት ትተካለች፤ የቤቱ ዕቃም ከትዕይንት ትዕይንት እየጎደለ ይሄዳል። ስለ መርሳት በሽታ የሚያብራራ ሐኪም አላስፈለገም፤ «ይህቺ ደግሞ ማን ናት?» ብሎ ግራ የሚጋባው ተመልካቹ ራሱ ነው።