ሳጉሬና የካታር ውኃ

በወንዝ ዳር ስለ ተቈረቈሩ ከተሞች ሲነገር ኅሊናችን የሚሮጠው፣ የድንጋይ ደረጃዎቿ እስከ ጋንጌስ ውኃ ድረስ ወደሚወርዱላት ወደ ሕንዷ ቫራናሲና ወደ መሰሎቿ ነው፤ ከአሰላ ወደ በቆጂ የሚሄደው መንገደኛ አቋርጧት የሚያልፋት፣ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ መቀመጫ ሳጉሬ ግን፣ ዝናዋ ከአርሲ ደጋ ብዙም ባይርቅ፣ የውኃ ልጅ መባል ይገባታል።

ከጭላሎ፣ ከገላማና ከካካ ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች፣ በሳጉሬ አጠገብ የሚፈሰው አሸበካ ጭምር፣ ከካታር ወንዝ ይገባሉ፤ ካታርም ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆ ተጕዞ ከመቂ ጋር የዝዋይን ሐይቅ ይመግባል። በዚያ ሐይቅ ከሚገኙት ደሴቶች በአንዷ፣ ቱሉ ጉዶ በምትባለው በደብረ ጽዮን፣ የአክሱም ካህናት በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮንን ይዘው እንደ ተጠጉ ትውፊት ይናገራል፤ እንግዲህ በሳጉሬ ገብስ ማሳ ላይ የዘነበው ክረምት፣ ውሎ አድሮ የዚያችን ገዳም ዳርቻ ያጥባል ማለት ነው።

የአፈሩ ለምነት ግን ለአራሹ ሁልጊዜ በረከት አልሆነም። የአርሲ ኦሮሞ ለዓመታት ሲከላከል ቆይቶ በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ አዙሌ ላይ በራስ ዳርጌ ጦር ድል ከሆነ በኋላ፣ መሬቱ ለሹማምንትና ለወታደሮች እየተደለደለ ብዙው ባላገር በአባቶቹ ምድር ጭሰኛ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው፣ ማእከሉን አሰላ ያደረገው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ ካዱ እያለ የሚጠራው፣ ማዳበሪያን፣ ምርጥ ዘርንና ብድርን ለገበሬው አቀረበ፤ ምርቱም በረከተ። ሆኖም መሬቱ ትርፍ መስጠቱን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን አፈናቀሉ፤ ለድኻው ታስቦ የመጣው በጎ ነገር ድኻውን ከቤቱ ሲያስወጣው ማየት እጅግ ያሳዝናል። እኔ ግን ጥፋቱን በዘሩና በማዳበሪያው ላይ አላደርግም፤ ጥፋቱ የርስት ሥርዐቱ ነበረ፤ እርሱም በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ተሻረ።

ዛሬ በዚህ ደጋ ስንዴና ገብስ ይታረሳል፤ ለአሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚሆነውም ገብስ ከዚሁ ከአርሲ ምድር ይሰበሰባል። ተዳፋቱ እስከ ወንዝ አፋፍ በታረሰ ቍጥር ግን አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ ከካታር ጋር ወደ ዝዋይ ይወርዳል፤ ከዝዋይም የተረፈው ውኃ በቡልቡላ በኩል አብያታ ይደርሳል፤ የአብያታም ሐይቅ በእኛው ዕድሜ ከዳርቻው እጅግ ሸሽቷል።