ተጨማሪ መረጃ፦ ፋፋና የይፋት ማሾ

በኢትዮጵያ በፋብሪካ የተዘጋጀ የሕፃናት ምግብ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ፋፋ ነው። የተቀመመው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በስዊድን ድጋፍ በተቋቋመውና ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት በሆነው ተቋም ነው። ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሽምብራ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ገብተውበታል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቶሮንቶ ላይ የተሠራው የሕፃናት ምግብ፣ ፓብለም፣ አስቀድሞ የበሰለ ነበር፤ ፋፋ ግን እሳት ላይ ተማስሎ ይበስላል።

አሊዩ አምባን በመሰለ የይፋት ገበያም ቤት ውስጥ ለሚሠራ የሕፃን ገንፎ የሚሆን እህል አይጠፋም። ማሽላ ጉልበት ይሰጣል፤ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ግን ያንሰዋል። ጉድለቱን በሸዋ ሮቢት አካባቢ በስፋት የሚመረተው ማሾ ይሞላል። አስቸጋሪው የገንፎው ውፍረት ነው። በውኃ ሲቀጥን ምግብነቱም አብሮ ይቀጥናል፣ የሕፃን ሆድ ደግሞ ትንሽ ነው። በረድ ባለ ወፍራም ገንፎ ላይ ጥቂት የገብስ ብቅል ዱቄት ነስንሶ ማማሰል ያለ ተጨማሪ ውኃ ያላላዋል፤ ከዚያ እንደገና ይፈላል። ይህ ሁሉ ከ6 ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ የእናት ጡት ወተት ብቻ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ብረት ከእህል ብቻ በበቂ ስለማይገኝ በደንብ የተፈጨ ሥጋ ወይም ጉበት ይታከልበታል።